የናፍጣ ፖምፓ ሴንሰር ብልሽት በምን ይመርመር? ሰባት መንገዶች በንጽጽር

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው 1ኬዜድ የተባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ፕራዶ ይዞ መጣ። መኪናው ሲሞቅ መንገድ ላይ ድንገት ይጠፋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሌላ ቦታ «ፖምፓው አልቋል፣ ያገለገለ ፈልግና እንቀይርልህ» ተብሎ ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ላይ ያለውን የፍጥነት ሴንሰር ሶኬት ነቅዬ በቴስተር (ቮልትንና የኤሌክትሪክ መቋቋምን፣ ማለትም ኦምን፣ በሚለካው መሣሪያ) ለካሁት፤ 228 ኦም፣ ጤነኛ ነው። ሶኬቱን መልሼ ሞተሩን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ጫፍ ለካሁ፤ 229 ኦም። ይህም ደህና ነው። ከዚያ የቴስተሩን ጫፎች ለረዳቴ አስይዤ ሽቦውን ከፖምፓው ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ማኒፎልዱ ሥር የሚታጠፍበት ቦታ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋ። ሽፋኑን ስገልጠው ፕላስቲኩ ከብረት ጥግ ጋር ሲታሽ ተበልቶ፣ ከሽቦው ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቷል። ቆርጠን በስታኞ አያያዝነው፣ ሸፈንነው፣ ከብረቱ አርቀን አሰርነው። ፖምፓው እስከ ዛሬ ያው ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ስለሚደጋገም ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር (ኮድ) ይነበባል፣ ኮዱ «ሴንሰር» ወይም «ፖምፓ» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ዕቃ ይገዛል። ኮድ ግን የሚናገረው ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር ላይ ያልጠበቀውን ነገር እንዳየ ነው። መስመሩ ውስጥ ሴንሰሩም፣ ሶኬቱም፣ ሽቦውም፣ ኮምፒውተሩም አለ። የግፊት ኮድ ከሆነ ደግሞ ፊልትሮውና የነዳጅ ጋኑ ሁሉ ይገባሉ። ስለዚህ ምርመራ ስትመርጡ ማየት ያለባችሁ የማሽኑን ማማር ሳይሆን ከእነዚህ አንዱን ከሌላው ለይቶ ሊያሳያችሁ መቻሉን ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁ ከየትኛው ወገን ነው?

ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው አሉ፦ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ 5ኤል ሃይሉክስና ሃይኤስ የመሳሰሉት። እነዚህ ላይ የነዳጅ መጠኑን የሚወስን ሴንሰር የለም፤ ፖምፓው ላይ የሚታየው ሽቦ በአብዛኛው ቁልፍ ሲዘጋ ነዳጅ የሚያቋርጠው የማጥፊያ ቫልቭ ነው። «ሴንሰሩ ነው» ቢሏችሁ የትኛው እንደሆነ በጣት አሳዩኝ በሉ።

ሁለተኛው ወገን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሮታሪ ፖምፓ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ፕራዶና ሰርፍ ላይ ያለው 1ኬዜድ-ቲኢ ነው። ፖምፓው በራሱ ላይ የፍጥነት ሴንሰር፣ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰር፣ የነዳጅ መጠን የሚቆርጥ ቫልቭ፣ ናፍጣ የሚረጭበትን ሰዓት የሚያስተካክል የታይሚንግ ቫልቭና ሁለት ትንንሽ የማስተካከያ ሬዚስተሮች አሉት።

ሦስተኛው ኮመን ሬይል ነው፤ 1ኬዲና 2ኬዲ ያላቸው ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ዶልፊን ሃይኤስ፣ አዳዲሶቹ የጭነት መኪኖችም። እዚህ ፖምፓው ላይ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰርና ወደ ፖምፓው የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነው ቫልቭ ይገኛሉ። የግፊት ሴንሰሩ ግን ያለው ሬይሉ ላይ፣ ማለትም ናፍጣ ለሚረጩት ኢንጀክተሮች ሁሉ የሚያድለው የጋራ ቱቦ ላይ ነው። ብዙ ሰው መጣኙን ቫልቭ «ሴንሰር» ይለዋል። ሴንሰር ይናገራል፣ ቫልቭ ይታዘዛል፤ የሚለኩበትም መንገድ የተለያየ ነው።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ትልቁ ነጥብ ከላይ ያልኩት ነው፦ ሽቦን ከሴንሰር፣ ሴንሰርን ከፖምፓ ይለያል? አንድ ምርመራ ይህን ካላደረገ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገዛው ዕቃ በግምት ነው።

ቀጥሎ፣ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ይይዛል? ሲሞቅ ብቻ ወይም ዳገት ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ጋራዥ ቆሞ አይገኝም። ከመኪናችሁ ጋር ይግባባል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና 16 ቀዳዳ ሶኬት ስላለው ብቻ ከማንኛውም ማንበቢያ ጋር አይነጋገርም። መርማሪው ሲሳሳት ምን ይበላሻል? አንዳንዱ መንገድ ቢሳሳት የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ሌላው ፖምፓ ያስከፍታል። መጨረሻ ላይ ገንዘቡና የሚጠይቀው ሙያ። ዋጋ በብር አላስቀምጥም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያልኩ አልፋለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ነጻ የሆነውን ጨርሱ። ባትሪው ሞተር ሲያስነሳ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ የማይጨበጥ ኮድ ሊጥል ይችላል። ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ስትጫኑት ይጠነክራል ወይስ ልል ሆኖ ይቀራል? ልል ከሆነ አየር እየገባ ነው፤ አየር ደግሞ ከሴንሰር ብልሽት ጋር የሚመሳሰል ምልክት ያመጣል።

1. ሽቦ አገናኝቶ ብልጭታ መቁጠር

የድሮው ቶዮታ ሞተር ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው የምርመራ ሳጥን አለ፤ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙና ቁልፍ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራቱ መብለጭለጭ ይጀምራል። 16 ቀዳዳ ባለው ሶኬት ደግሞ 4ኛውና 13ኛው ናቸው። ሳያቋርጥ እኩል ከበለጨ ኮድ የለም። አንድ ጊዜ በርቶ፣ ጥቂት ቆሞ፣ ስምንት ጊዜ ከበለጨ 18 ነው።

1ኬዜድ ላይ 12 የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሴንሰሩን፣ 13 ፖምፓው ላይ ያለውን የፍጥነት ሴንሰር፣ 14 የታይሚንግ ሥርዓቱን፣ 18 የነዳጅ ቆራጩን ቫልቭ፣ 32 የማስተካከያ ሬዚስተሮቹን፣ 39 የነዳጅ ሙቀት ሴንሰሩን ያመለክታል። 1ኬዲና 2ኬዲ ላይ 49 የሬይል ግፊት ሴንሰር መስመር ነው፤ 78 ደግሞ የፖምፓውን ሥርዓት።

ወጪው አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው፤ ማንኛውም ማንበቢያ እምቢ ባለው መኪና ላይም ይሠራል። ለ1ኬዜድ ባለቤት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ድካሙ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር መጠቅለሉ ነው። 78 ግፊት ሲበዛም፣ ነዳጅ በብዛት ሲፈስም፣ የመጣኙ ቫልቭ ሽቦ ሲበጠስም ይወጣል፤ ሦስቱ ደግሞ ሦስት የተለያዩ ጥገናዎች ናቸው። ቀዳዳዎቹን በግምት አታገናኙ፤ ከመካከላቸው የባትሪ ኃይል ያለበት አለ።

2. ስልክ ላይ የሚነበብ ትንሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ

እ.ኤ.አ. ለ2000ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ላሉ መኪኖች ጥሩ ጓደኛ ነው። ጠቀሜታው ኮዱን ከነዓይነቱ መስጠቱ ነው። ፒ0192 የግፊት ሴንሰሩ ምልክት ቮልት ዝቅ አለ ማለት ነው፤ ፒ0193 ከፍ አለ። ፒ0182 እና ፒ0183 ለነዳጅ ሙቀት ሴንሰር ተመሳሳይ ናቸው። እነዚህ የኤሌክትሪክ ኮዶች ናቸውና ወደ ሽቦና ሶኬት ይመሯችኋል። ፒ0087 የሬይል ግፊት አነሰ፣ ፒ0088 በዛ ይላሉ። እነዚህ ሲመጡ ሴንሰር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ነው።

በዚህ ትንሽ ዕቃ የሚሠራ አንድ ጠቃሚ ሙከራ አለ። ፒ0182 ካወጣ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና ኮዱን አጥፍታችሁ እንደገና አንብቡ። አሁን ፒ0183 ከመጣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ይሰማሉ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ፒ0182 እዚያው ከቆየ ግን ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል።

የሚጎድለው የአምራቹን የራሱን ኮዶችና ትዕዛዞች በአብዛኛው አለማንበቡ ነው። ለ1ኬዜድ አትግዙት።

3. ሙሉ ስካነር

የአምራቹን የራሱን ኮዶችና ትዕዛዞች ጭምር የሚያነብ ማሽን ነው፤ ኮመን ሬይል መኪና ላይ ክፍያው የሚገባው ይህ ነው። ኮድ ለማንበብ አይደለም፤ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ለማየት ነው፦ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን የሬይል ግፊትና በእርግጥ የተገኘውን። ጤነኛ 2ኬዲ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከ250 እስከ 350 ባር አካባቢ ይቆማል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ተያይዘው ይሄዳሉ።

ንባቡን እንዲህ እረዳዋለሁ። የተገኘው ግፊት በሚኒሞ ላይ ከተጠየቀው በላይና በታች እየዋዠቀ ሞተሩም አብሮ ከዋዠቀ፣ መጣኙ ቫልቭ እየተጣበቀ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ብቻ ከወረደ ነዳጅ እየደረሰ አይደለም፤ ፊልትሮ፣ የጋን ማጥለያ፣ ወደ ኋላ በብዛት የሚመልስ ኢንጀክተር፣ በመጨረሻም ፖምፓው ይጠረጠራሉ። ሞተሩ ለስላሳ እየሠራ ቁጥሩ ከእውነት የራቀ ከሆነ ግን፣ ወይም ሞተር ጠፍቶ ቆይቶ እንኳ ስካነሩ ብዙ መቶ ባር ካሳየ፣ ያን ጊዜ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ጠርጥሩ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ሃይሉክስ ነበር። ከተማ ውስጥ ምንም የለውም፤ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር መብራት ይበራና ጉልበት ያጣል። የሬይል ግፊት ሴንሰር ተገዝቶለት ነበር፤ ለውጥ የለም። ስካነሩ መዝግቦ እንዲይዝ አድርገን ለሾፌሩ ሰጠነው። ሲመለስ መዝገቡን ስናይ ዳገቱ ላይ ኮምፒውተሩ 1,100 ባር ሲጠይቅ የሚገኘው 640 ነበር፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ጋኑን ስናወርደው ማጥለያው በዝቃጭ ተሸፍኗል። መንገድ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ በጄሪካን እየገዛ ይቀዳ ነበር። አዲሱም አሮጌውም ሴንሰር ጤነኛ ነበሩ።

ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ሌላ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ስላደረ የነዳጁ፣ የውሃውና የአየሩ ሙቀት በስካነር ላይ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻውን ከወጣ ያ ሴንሰር ወይም ሶኬቱ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ካሳየ መስመሩ ተበጥሷል።

አንድ ማሳሰቢያ ለከፍታ አገር ሰው፦ አዲስ አበባ ላይ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ ከ75 እስከ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያሳያል። በባሕር ወለል ደረጃ የተጻፈ መመሪያ 100 አካባቢ ስለሚል ብዙ ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ምክንያት ተጥሏል። አየሩ ነው የሳሳው።

ሙሉ ስካነር መጣኙን ቫልቭ ወይም ፖምፓውን ከቀየራችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ከአዲሱ ዕቃ ጋር ለማለማመድም ያስፈልጋል። ጉድለቱ ዋጋውና ሰው ነው። ማሽኑ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ መዝገብ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። «ኮምፒውተር አስነበብኩ» ስትሉ ኮድ ብቻ ተነግሯችሁ ከሆነ የከፈላችሁት ለሁለተኛው አማራጭ ነው።

4. ቴስተር

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሽቦን ከሴንሰር በቀጥታ ይለያል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ ነው። ኦም ስትለኩ ቁልፉ ይዘጋ፣ ሶኬቱ ይነቀል።

1ኬዜድ ሲቀዘቅዝ፦ የፖምፓው ፍጥነት ሴንሰር ከ205 እስከ 255 ኦም፤ የነዳጅ ቆራጩ ቫልቭ ከ1 እስከ 2 ኦም፤ የታይሚንግ ቫልቭ ከ10 እስከ 14 ኦም። የነዳጅ ሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ሆኖ በ80 ዲግሪ ወደ 0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ይወርዳል፤ ይህ ለ1ኬዲና 2ኬዲም ያገለግላል። የነሱ መጣኝ ቫልቭ በ20 ዲግሪ ከ1.9 እስከ 2.3 ኦም ነው።

ሁለት ኦም መለካት ከባድ ነው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካኩ፤ 0.4 ካለ ይህ የገመዱ የራሱ ነው፣ ከምታገኙት ላይ ቀንሱት። ይህን ሳያደርጉ 2.6 አንብበው ቫልቭ የጣሉ አይቻለሁ። ደግሞም ቫልቭ በኦም ደህና ሆኖ ውስጡ ሊጣበቅ ይችላል። ቴስተር መጠምጠሚያው እንዳልተበጠሰ እንጂ የቫልቩ መርፌ እንደሚንሸራተት አይነግራችሁም።

የሬይል ግፊት ሴንሰርን በኦም አትለኩት፤ በቮልት ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ በአንዱ ሽቦና በነጌቲቩ መካከል 5 ቮልት መኖር አለበት። ከሌለ ችግሩ ከሴንሰሩ በፊት ነው። ካለ ሶኬቱን መልሱና ከጀርባው በቀጭን መርፌ የምልክቱን ሽቦ ለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ ቆይቶ ከሆነ ዴንሶ ሠራሽ ሴንሰር ወደ 1 ቮልት አካባቢ፣ ቦሽ ሠራሽ ደግሞ 0.5 አካባቢ ይሰጣል። ሞተር ሲነሳ ይጨምራል። ስድስት ሽቦ ካለው ሁለት ሴንሰር በአንድ አካል ውስጥ ነው፤ ሁለቱንም ለኩ።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። በአምፖል መሞከሪያ የ5 ቮልት መስመር አትንኩ፣ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መጣኙን ቫልቭ «ይንቀሳቀስ እንደሆነ ልይ» ብላችሁ በቀጥታ ከባትሪ አትስጡት፤ 2 ኦም በ12 ቮልት 6 አምፔር ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን እየቆራረጠ መጥኖ ነው የሚሰጠው።

5. ኦሲሎስኮፕ

ምልክቱን እንደ ሥዕል ያሳያል። የፍጥነት ሴንሰር በኦም ጤነኛ ሆኖ ጥርሱ ሲያልፍ ደካማ ምልክት የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም ሞተር ሲሞቅ ምልክቱ ለአፍታ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ የሚይዘው ይህ ነው። ቴስተር አማካይ ቁጥር ስለሚያሳይ ያችን አፍታ ይስታታል። ለግል ባለቤት አይመከርም። ብዙ ዘመናዊ ናፍጣ የሚያስተናግድ ጋራዥ ግን ባለሁለት መስመር የሆነውን ቢይዝ ክራንኩንና የፖምፓውን ወይም የካምሻፍቱን ምልክት አንድ ላይ ማየት ይችላል፤ ታይሚንግ መዛባቱንም ከዚያው ያነባል።

6. «በሌላ ቀይረን እንሞክር»

በጣም የተለመደው መንገድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልነቅፈውም። ሌላ ተመሳሳይ መኪና አጠገባችሁ ካለና ዕቃው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ፈጣን ነው። ችግሩ ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ራሱ ጤነኛ መሆኑ አለመታወቁ ነው። አንድ የማይታወቅ ነገር በሌላ የማይታወቅ ነገር ይተካል። ቢያንስ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ በቴስተር ለኩት።

በተለይ ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። ያገለገለ የ1ኬዜድ ፖምፓ ስትገዙ የማስተካከያ ሬዚስተሮቹ ከነፖምፓው መምጣት አለባቸው። እነሱ የዚያን ፖምፓ ልክ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩ ናቸው፤ የአሮጌውን ሬዚስተር በአዲሱ ላይ መግጠም ጭስ ወይም የጉልበት ማነስ ያመጣል፣ ከዚያም ደህናው ፖምፓ ይታማል። መጣኝ ቫልቭ ስትገዙ ደግሞ መልክ አይታችሁ አትመኑ። ያለ ኤሌክትሪክ ክፍት የሚሆን አለ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ዝግ የሚሆን አለ። ቁጥሩ ይመሳከር።

7. ፖምፓውን አውርዶ ወደ ፖምፓ ቤት መላክ

ይህ የመጨረሻው ነው፣ ተራውም መጨረሻ ነው። ፖምፓ ቤት በመፈተሻ ማሽን ላይ የሚነግራችሁ የፖምፓውን ጤና ነው፤ መኪናው ላይ የቀረውን ሽቦ አያየውም። ቀደም ያልኩት ፕራዶ ፖምፓው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ተፈትሾ «ደህና ነው» ተብሎ ወይም ሳያስፈልገው ተጠግኖ ይመለስና መኪናው ዳግም መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። ማውረድ መጫኑም ታይሚንግ የማዛባትና ቆሻሻ የማስገባት ዕድል አለው። ኤሌክትሮኒክ ፖምፓ ከሆነ ማሽናቸው ቫልቮቹን ማዘዝ እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለሜካኒካል ብቻ የሆነ ማሽን ስለ 1ኬዜድ ወይም ስለ ኮመን ሬይል ፖምፓ ሊፈርድ አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ሕይወት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሜካኒካል ሞተር የለመድነው፣ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ በቁልፍ ፈታ አድርጎ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ መስማት፣ ኮመን ሬይል ላይ ክልክል ነው። ሬይሉ ውስጥ ግፊቱ ከ1,300 ባር ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ካልከፈተው እጅ ያሳጣል። ፍሳሽ በእጅ አትዳብሱ፣ በካርቶን ፈልጉ።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| መንገድ | ሽቦ፣ ሴንሰርና ፖምፓን ይለያል? | መጥቶ የሚሄድ ብልሽት | የሚሆነው ለ | የስህተት አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብልጭታ መቁጠር | አይለይም፣ መስመሩን ይጠቁማል | ኮዱ ተመዝግቦ ከቆየ | 1ኬዜድ፣ የድሮ ቶዮታ | አነስተኛ | የለም ማለት ይቻላል |
| የብሉቱዝ ማንበቢያ | በከፊል | ኮዱ ተመዝግቦ ከቆየ | ኮመን ሬይል | አነስተኛ | ዝቅተኛ |
| ሙሉ ስካነር | ሴንሰርን ከነዳጅ ችግር ይለያል | አዎ፣ እየነዱ በመመዝገብ | ኮመን ሬይል | አንባቢው ካልቻለ መካከለኛ | ከፍተኛ፤ በአገልግሎት መካከለኛ |
| ቴስተር | ሽቦን ከሴንሰር አዎ፤ የተጣበቀ ቫልቭን አይለይም | ሽቦ እያወዛወዙ | ሁሉም ኤሌክትሮኒክ | በአምፖል ካልተተካ አነስተኛ | ዝቅተኛ |
| ኦሲሎስኮፕ | አዎ | አዎ፣ ከሁሉ የተሻለ | ሁሉም ኤሌክትሮኒክ | አነስተኛ | ከፍተኛ |
| ቀይሮ መሞከር | ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ብቻ | በአጋጣሚ | ሁሉም | መካከለኛ | እንደ ዕቃው |
| ፖምፓ ቤት | ፖምፓውን ብቻ | አይይዝም | ሁሉም፣ ማሽኑ ከፈቀደ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |

ለእናንተ የቱ ይሻላል?

የ1ኬዜድ ፕራዶ ወይም ሰርፍ ባለቤት ከሆናችሁ ስካነር ፍለጋ አትድከሙ። ብልጭታ ቁጠሩ፣ ቴስተር ያዙ ወይም ቴስተር የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ፤ ሞተሩ እንደሞቀም እንደቀዘቀዘም ያስለካ። ከሁለቱ በኋላ ነው ስለ ፖምፓ የሚወራው።

ሃይሉክስ ወይም ዶልፊን ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነና አንድ ቀን መቆም ገቢ የሚያሳጣችሁ ከሆነ፣ ትንሹን ማንበቢያ ግዙና መብራት በበራ ሰዓት እዚያው ኮዱን ጻፉት፤ በምን ሁኔታ እንደበራም ጨምሩ፦ ዳገት፣ ሙቀት፣ ጋኑ ምን ያህል ነበር። ፒ0087 ከሆነ ፊልትሮ ቀይሩ፤ ካልተሻለ ወይም ኮዱ ፒ0088 ከሆነ ግፊቱን እየነዳ ለሚመዘግብ ሰው ክፈሉ። የቮልት ኮድ ከሆነ ለኤሌክትሪሺያን።

ለአነስተኛ ጋራዥ የምመክረው ጥሩ ቴስተርና አንድ የተማረ ልጅ ነው፤ ስካነሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙ መኪና ያላቸው ድርጅቶች ደግሞ ሙሉ ስካነሩን መግዛት ያዋጣቸዋል። ከዚያ በላይ ግን ጤነኛ መኪናቸውን ሁሉ ገና ሳይበላሽ በሚኒሞና ዳገት ላይ አስመዝግበው ቁጥሩን ቢያስቀምጡ፣ ብልሽት ሲመጣ የሚያወዳድሩት የራሳቸው መኪና ይኖራቸዋል።

ከከተማ ርቃችሁ ለምትነዱ፦ ቴስተር፣ አንድ ሜትር ሽቦ፣ መሸፈኛ ፕላስተር፣ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮና የሞተራችሁን ትክክለኛ ኦሞች የጻፋችሁበት ወረቀት በመኪናው ውስጥ ይኑር። ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ ናፍጣ ያጠፋዋል።